የማይሸጥ ዛፍ ማን ይተክላል?

ስለ ደን በተነሣ ቁጥር የሚሰማው ንግግር አንድ ነው። ስብሰባው ወረዳ ላይ ይሁን ሆቴል አዳራሽ፣ ተናጋሪው ባለሥልጣን ይሁን ለተፈጥሮ ተቆርቋሪ፣ መቋጫው አይለወጥም፤ አገር በቀል ዛፎቻችንን እየጨረሱ ያሉት ሕገወጥ ነጋዴዎች ናቸውና ክልከላው ይጥበቅ፣ ኬላው ይብዛ፣ ቅጣቱ ይክበድ። ተሰብሳቢው ያጨበጭብና ወደ ሻይ ቡናው ይሄዳል። የተቀመጠበት ወንበር ከምን እንጨት እንደተሠራ፣ እንጨቱስ በየት በኩል እንደገባ የሚጠይቅ የለም።

ነጋዴው አይነካብኝ ልል አይደለም። ሌሊት የመንግሥት ደን ገብቶ ዝግባ የሚገነድስ ሰው ወንጀለኛ ነው፤ ይጠየቅ። እኔ የማልቀበለው ክልከላ ዛፍ ያድናል የሚለውን፣ ማስረጃ ሳይጠየቅበት ከአፍ ወደ አፍ የሚሻገረውን እምነት ነው። ክልከላው ሠላሳ ዓመት አልፎታል። በእነዚህ ዓመታት ዋንዛ ከዕቃ ቤት አልጠፋም፤ እየሳሳ የሄደው ከማሳና ከጫካ ነው። ገዥም ሻጭም አልቀነሰም። የቀነሰው ዛፉን ለማሳደግ ምክንያት ያለው ሰው ነው። ሕገወጡን ንግድ ዛሬ ከሁሉም በላይ የሚቀልበው ይኸው ክልከላ ነው ስል ለማስደንገጥ ብዬ አይደለም፤ እንዴት እንደሚቀልበው ላሳይ።

በ1986 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅ ቁጥር 94/1986 አራት ዛፎችን ለይቶ ጠቀሰ፤ ኮሶ፣ ዋንዛ፣ ዝግባና ጽድ። እነዚህ ከመንግሥትና ከክልል ደኖች እንዳይቆረጡ ደነገገ። ሐሳቡ ቅን ነበር፤ ከደርግ ውድቀት ማግስት ደኑ ባለቤት አጥቶ የተመነጠረበት ጊዜ ቅርብ ነበርና የሚያስወቅስ አልነበረም። አዋጁ የሚናገረው ግን ስለ መንግሥትና ስለ ክልል ደን ነበር። ወረቀቱ ከአዲስ አበባ ወርዶ ኬላ ላይ እስኪደርስ ድረስ ይህ ልዩነት በመንገድ ላይ ቀረ። ኬላ ላይ የቆመ ጥበቃ አንድ የዋንዛ ጣውላ ከመንግሥት ደን ይምጣ ከአቶ እገሌ ጓሮ ማወቂያ የለውም፤ ስለዚህ ሁሉንም ዋንዛ በጥርጣሬ ማየት ቀለለው። አዋጁ በ1999 ዓ.ም. በሌላ ተተካ፤ በ2010 ዓ.ም. ደግሞ የግልንም የማኅበረሰብንም ደን በግልጽ የሚያውቀው አዋጅ ቁጥር 1065/2010 መጣ። ልማዱ ግን ከአዋጁ ጋር አልተተካም። ዛሬም በገዛ ይዞታው ላይ ያደገ ዋንዛ መሸጥ የፈለገ ገበሬ ቀበሌ ያመለክታል፤ የልማት ሠራተኛው መጥቶ ያያል፤ ከወረዳ ግብርና ደብዳቤ ይጻፋል፤ ለመንገዱ መሸኛ ይወጣል። በእያንዳንዱ ደጃፍ ላይ «ነገ ና» የምትባለዋ ቃል አለች። አጥሩ ጥግ የቆመውን ባሕር ዛፍ ለመሸጥ ሲፈልግ ግን ነጋዴ ጠርቶ በቁሙ ይዋዋላል፤ በማግስቱ አጣናው ተጭኗል።

እስቲ በክረምት መግቢያ አንድ የበቆሎ ማሳ ውስጥ እንግባ። ዋንዛ ሰው ሳይተክለው ይበቅላል። ወፍና ጦጣ ቢጫውን፣ እንደ ሙጫ የሚያጣብቀውን ፍሬ በልተው ዘሩን በየማሳው ይጥሉታል። ችግኙ ሰፊ ቅጠሉን ዘርግቶ ከበቆሎው መሐል ብቅ ሲል ኩትኳቶ ላይ ያለው ገበሬ ሁለት ምርጫ አለው፤ ዘወር ብሎ ይኮተኩታል ወይም በመቆፈሪያው ብድግ ያደርገዋል። የምትወስደው ጊዜ አንዲት ቅጽበት ናት። የአገር በቀል ዛፍ ዕጣ የሚወሰነውም እዚህች ላይ እንጂ ስብሰባ ላይ አይደለም። ገበሬው ዋንዛን አይጠላም፤ ጥላው ለቡና ይስማማል፣ አበባው ንብ ይጠራል፣ ቅጠሉ መሬቱን ያለመልማል። ነገር ግን ይህ ችግኝ ካደገ በኋላ የሱ መሆኑ እንደሚያበቃ፣ ሲሸጠው እንደ ሌባ እንደሚታይ፣ ግንዱ ማሳው መሐል ቆሞ እሱ ራሱ ያለ ፈቃድ እንደማይነካው ያውቃል። እንዲህ ያለውን እንግዳ ማሳው ላይ የሚያሳድገው ለምንድን ነው? ለኩትኳቶው መቆፈሪያ ክስ የሚመሠርት የለም። በዚህ መንገድ የሚሞተው ዛፍ በየትኛውም የቁጥጥር ሪፖርት ላይ አይመዘገብም፤ ጣውላ ሆኖ ስላልተያዘ።

ከመቆፈሪያው አምልጦ ያደገውስ? እሱ በሌላ መንገድ ይሄዳል። ገበሬው የልጁ ሠርግ ወይም የሐኪም ቤት ወጪ ሲደርስበት ደላላ ይመጣል። ዋጋው ላይ ድርድር የለም፤ «አደጋውን የምሸከመው እኔ ነኝ» ይላል ደላላው፤ እውነቱንም ነው። ዛፉ ሌሊት ይወድቃል፤ አንዱ ከላይ ሌላው ከታች ሆነው በእጅ መጋዝ እዚያው ይሰነጥቁታል። እጅ መጋዝ የእንጨቱን ብዙ ክፍል ያባክናል፤ ቀን ቢሆን፣ የእንጨት መሰንጠቂያ ማሽን ቢኖር ያልተረፈው ሁሉ ይተርፍ ነበር። ጣውላው አይሱዙ ላይ ከጭድ ወይም ከከሰል በታች ተደርድሮ ይጓዛል፤ መንገድ ላይ ለሚያየው ዓይን እንዳያይ ይከፈላል። ከተማ ሲደርስ ቡፌና ቁም ሳጥን ሆኖ ይቆማል። ገዥው እያንኳኳ «ኦርጅናል ዋንዛ ነው?» ሲል ሻጩ በኩራት «አዎ» ይላል። ሕገወጥ ነው ተብሎ በየስብሰባው የሚወገዘው ዕቃ ከተማ ውስጥ የጥራት መለኪያ ነው።

እዚህ ሰንሰለት ላይ ማን ምን እንዳገኘ ማስላት ቀላል ነው። ዛፉን ሠላሳና አርባ ዓመት ማሳው ላይ ያቆየው ሰው የማገዶ ዋጋ አገኘ። ከማገዶ ዋጋና ከቡፌ ዋጋ መሐል ያለው ገንዘብ በሙሉ ለድብቅነቱ የተከፈለ ነው፤ ለደላላው፣ ለጫኙ፣ ለሚያሳልፈው። ክልከላውን ባጠበቅን ቁጥር ይህ መሐል ያለው ገንዘብ ይሰፋል፤ የገበሬው ድርሻ ይጠባል። ኬላ ሲጨመር የሚጎዳው ነጋዴው ነው ብሎ የሚያስብ ሰው ወጪው ወደ ታች ወደ ገበሬው እንደሚንከባለል አላስተዋለም ማለት ነው። ለዚህም ነው የለመዱበት ነጋዴዎች ክልከላው ይነሣ ብለው ሲጮኹ የማንሰማው።

ይህ የኛ ብቻ ግኝት ቢሆን ኖሮ «ገና አልተፈተነም» ይባል ነበር። ግን ሕንድ ላይ ከኛ ቀድሞ፣ ከኛ በከፋ ሁኔታ ተፈትኗል። የማይሶሩ ገዥ ቲፑ ሱልጣን እ.ኤ.አ. በ1792 የሰንደል ዛፍን የንጉሥ ዛፍ ብሎ አወጀ። ንጉሡ ሄደ፣ እንግሊዝ መጣ፣ እንግሊዝም ሄደ፤ ሕጉ ግን ማይሶር ባለችበት በካርናታካ ግዛት እስከ ቅርብ ጊዜ ቆየ። ሰንደል በማንም መሬት ላይ ይብቀል የመንግሥት ነበር፤ ባለመሬቱ የሱ ያልሆነውን ዛፍ የመጠበቅ ግዴታ ብቻ ተጣለበት። ውጤቱ ምን ሆነ? ገበሬው ችግኙን ገና ሳይታይበት ነቀለው። በደን ያለውን ደግሞ ኮንትሮባንዲስቶች ተቀራመቱት፤ ከነሱ ውስጥ ስሙ የገነነው ቬራፓን የሁለት ግዛት ልዩ ፖሊስ ከአሥር ዓመት በላይ ሲያሳድደው ኖሮ የተገደለው እ.ኤ.አ. በ2004 ነው። በዓለም የታወቀው የማይሶር ሰንደል በገዛ አገሩ ብርቅ ሆነ። ካርናታካ እ.ኤ.አ. በ2001፣ ጎረቤቷ ታሚል ናዱ በዓመቱ ሕጋቸውን ቀይረው ዛፉን ለባለመሬቱ መለሱ። ከዚያ ወዲህ ሕንዳውያን ገበሬዎች ሰንደል መትከል ጀምረዋል። ለሁለት መቶ ዓመት ጠባቂና ጠብመንጃ ያላስገኘውን ችግኝ ያስገኘው አንድ የሕግ ማሻሻያ ነው።

ታሪኩ ሕንድ ላይ ቢያበቃ ጥሩ ነበር፤ ግን እኛው ቤት ደርሷል። የሕንድ ሰንደል ሲመናመን የሽቶ ዘይት ፈላጊዎች ዓይናቸውን ወደ ምሥራቅ አፍሪካ አዞሩ። እዚህ ያለው የሰንደል ዘመድ እኛ ቀረጥ የምንለው፣ በቦረና ዋቶ የሚባለው ቁጥቋጦ መሰል ዛፍ ነው። ዘይቱ ከግንዱም ከሥሩም ይወጣልና ቆራጮቹ አይቆርጡትም፤ ከነሥሩ ይነቅሉታል። ተመልሶ የሚያቆጠቁጥበት ጉቶ አይቀርለትም። ኬንያ እ.ኤ.አ. በ2007 በፕሬዚዳንት ትእዛዝ ማንኛውንም የሰንደል ምርት ከለከለች። ይህም ሆኖ በሳምቡሩና በአካባቢው ነቀላው ቀጠለ፤ ጭነቱም ድንበር እየተሻገረ መውጣቱ አልቆመም። እ.ኤ.አ. በ2013 ባንኮክ ላይ በተደረገው የሳይተስ (አደጋ ያንዣበበባቸው የዱር ዝርያዎች ዓለም አቀፍ ንግድ ስምምነት) ጉባኤ የኢትዮጵያን ጨምሮ የስድስት ምሥራቅ አፍሪካ አገሮች ቀረጥ በሁለተኛው ሰንጠረዥ ውስጥ ገባ፤ ማለትም ያለ ፈቃድ ከአገር እንዳይወጣ ሆነ። መልካም ነው፤ ድንበርን መቆጣጠር ያስፈልጋል። ነገር ግን ስምምነቱ ድንበር ላይ የሚሠራ እንጂ ቦረና ውስጥ ያለው አርብቶ አደር በግጦሽ መሬቱ ላይ ያለው ቀረጥ ቢነቀል ምን እንደሚቀርበት የሚመልስ አይደለም።

ተቃዋሚዎቼ እዚህ ላይ ጥሩ ጥያቄ ያነሣሉ። «ክልከላ የሌለበትስ ዕፅ መች ዳነ?» ይላሉ። ቀበርቾን ተመልከት፣ ድንገተኛን ተመልከት። እውነታቸውን ነው፤ ሁለቱም በዓለም ላይ ከኢትዮጵያ በቀር የትም አይበቅሉም፤ ሁለቱም በየገበያው ያለ ከልካይ ይሸጣሉ፤ ሁለቱም እየራቁ ነው። ማዳበሪያ ከረጢት ዘርግተው የተቀመጡ እናት ፊት የቀበርቾ ሥር ተከምሮ ታያላችሁ፤ አፈሩ ገና አልተራገፈም፤ አራስ ቤት ለማጠን፣ ለቡዳ፣ ለሳል እያሉ ይሸጡታል። ድንገተኛ ደግሞ ቀጭን ሥሩ ታስሮ ለድንገተኛ ሆድ ቁርጠት ይሸጣል፤ ይታኘካል፣ ውሃው ይዋጣል። የሚፈለገው ሥሩ ስለሆነ አንድ ጊዜ መሸጥ ማለት አንድ ጊዜ መግደል ማለት ነው።

ታዲያ እኒያን እናት እናስራቸው? እኔ የማየው ሌላ ነገር ነው። ቀበርቾ የሚቆፈረው የማንም ባልሆነ ተረተር ላይ ነው። ዛሬ ያልቆፈረው ሰው ነገ ሌላ ሰው ቆፍሮት ያገኘዋል። እንዲህ ባለ ቦታ ቆጥቦ መቆፈር ደግነት ሊሆን ይችላል እንጂ ብልህነት አይሆንም። እዚያው ገበያ ጤና አዳም፣ ዳማ ከሴ፣ በሶብላ ጎን ለጎን ይሸጣሉ፤ ስለ መጥፋታቸው ማንም አይጨነቅም፤ ሁሉም በየጓሮው ያሉ፣ ባለቤት ያላቸው ናቸውና። ቀበርቾን ከተረተር ወደ ጓሮ ማምጣት ጊዜና የግብርና ምርምር የሚጠይቅ ሥራ ነው፤ ኬላ አይሠራውም። ስለ ዘረመል ሀብትና ስለ ማኅበረሰብ ዕውቀት የወጣው አዋጅ ቁጥር 482/1998 የውጭ ኩባንያ መጥቶ እንዳይዘርፈን ይጠብቃል፤ የውጭ ኩባንያ በጤፍ ላይ የፈጠራ መብት አውጥቶ ያደረሰብንን ለሚያስታውስ ሰው ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። ተረተሩ ላይ ለሚቆፍረው ልጅ ግን የሚለው የለም።

ከባዱ ተቃውሞ የዕጣን ዛፍ ነው፤ ልሸሸውም አልፈልግም። የመተማ፣ የትግራይና የቤኒሻንጉል ዕጣን ሕጋዊ ንግድ ነው፤ ፈቃድ አለው፣ ግብር ይከፈልበታል፣ ውጭ ይላካል። ይሁንና እ.ኤ.አ. በ2019 በፍራንስ ቦንገርስ የተመራ የተመራማሪዎች ቡድን ኔቸር ሰስቴነቢሊቲ በተባለው የሳይንስ መጽሔት ባወጣው ጥናት፣ በአብዛኞቹ የዕጣን ደኖች ውስጥ ለአሥርት ዓመታት አዲስ ዛፍ አለመተካቱን፣ ምርቱም በሃያ ዓመት ውስጥ በግማሽ ሊቀንስ እንደሚችል አሳየ። ችግኙን ከብት ይበላዋል፣ ሰደድ እሳት ይጨርሰዋል፤ ትልልቁን ጥንዚዛና የበዛ መድማት ያዳክመዋል። ያለ ዕረፍት የሚደማ ዛፍ ዘሩም ያንሳል፤ ካለውም ብዙው አይበቅልም። ታዲያ ሕጋዊ ንግድ መች አዳነ? ልብ ብላችሁ እዩት። ኩባንያው ደኑን ለአጭር ጊዜ ይኮናተራል፤ አድሚው ከደጋ የመጣ የወቅት ሠራተኛ ነው፤ ከብቱን የሚያሰማራው ነዋሪ ከዕጣኑ የሚደርሰው ኢምንት ነው። ከሦስቱ ውስጥ ዛፉ ከሃያ ዓመት በኋላ ቢሞት የሚከስር ማነው? ማንም። ስለዚህ ሕጋዊና ሕገወጥ እያልን የምናደርገው ክፍፍል ዋናውን ነገር ይሸፍንብናል። ዕፁ ቆሞ ሲኖር የሚያተርፍ፣ ሲጠፋ የሚከስር ሰው ካለ ይተርፋል፤ ከሌለ በፈቃድም ያለ ፈቃድም ይጠፋል።

እንዲህ ያለ ሰው የተፈጠረባቸው ቦታዎች አገራችን ውስጥ አሉ። አዳባና ዶዶላ ላይ በጀርመን የቴክኒክ ትብብር ድርጅት ድጋፍ የተጀመረው የደን ነዋሪዎች ማኅበር ቢበዛ ሠላሳ ቤተሰብ ይዞ፣ በአንድ ቤተሰብ አሥራ ሁለት ሄክታር ሂሳብ ደን ይረከባል፤ ለመንግሥት ኪራይ ይከፍላል፣ ከደኑ በመጠን ይጠቀማል፣ ሌላውን ያስወጣል። ጅማ አካባቢ በለጠ ጌራ ላይ የጫካ ቡና ለቃሚዎች ምርታቸው የምስክር ወረቀት አግኝቶ በተሻለ ዋጋ ሲሸጥ፣ ጃፓናውያን ተመራማሪዎች ባደረጉት ክትትል የተመሰከረለት ቡና ያለበት ደን ከሌላው ይልቅ ከምንጣሮ ተርፎ ተገኝቷል። ቡናው የሚሸጥ የዱር ዕፅ ነው፤ መሸጡ ደኑን አቆመው እንጂ አላጠፋውም። የቤተ ክርስቲያን ደንስ? ሰው ሁሉ የክልከላ ምሳሌ አድርጎ ይጠቅሰዋል። እኔ ግን ከሁሉም በላይ ባለቤት ያለው ደን ሆኖ ይታየኛል፤ ደብሩ አለ፣ ካህናቱ አሉ፣ ምእመኑ የኔ ነው ይላል፤ ቤተ ክርስቲያኑ ሲታደስም ጽዱ ከዚያው ይቆረጣል።

ክልከላ የትም አይሠራም ብዬ ግን አልከራከርም። ቁጥሩ በጣት የሚቆጠር፣ በመቶ ዓመት የሚያድግ ዕፅ ላይ ሌላ አማራጭ የለም። ደቡብ አፍሪካ ከዱር የተነቀለ ሳይካድ የተባለ ዘንባባ መሰል ዕፅ መሸጥን ጨርሳ የከለከለችው ሰብሳቢዎች አንዳንዱን ዝርያ ከተፈጥሮ ቦታው ጠራርገው ስለጨረሱት ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2014 ሌቦች ኬፕ ታውን ካለው የኪርስተንቦሽ የዕፅዋት መናፈሻ ሳይቀር ሃያ አራት ሳይካዶች ነቅለው ሄደዋል። እዚያም ቢሆን ከዘር ያባዙ ችግኝ ጣቢያዎች በሕግ ይሸጣሉ፤ የዱሩ በጓሮው ስም እየተሸጠ ያስቸግራል፤ ቢሆንም ጓሮውን እንዝጋው ያለ የለም። ከኛ ዝግባና ከኛ ኮሶ በተፈጥሮ ደን ውስጥ የቀረው ጥቂት ነውና እሱ ላይ ጥበቃው ይቀጥል፤ እንዲያውም ይጠንክር። ኬላ ላይ ያለው ጥበቃ የገበሬውን ዋንዛ ማሳደዱን ሲተው ለዚህ ጊዜ ያገኛል።

«ማሳ ላይ ያደገውን ከደን ከተሰረቀው እንዴት እንለየው?» ለሚሉኝ፦ ገበሬው የይዞታ ማረጋገጫ ደብተር አለው። ማሳው ተለክቶ፣ አዋሳኙ ተጠቅሶ የተጻፈበት ደብተር ላይ ዛፍ መቁጠር አይከብድም። ዛፉ ሲቆረጥ ጉቶው እዚያው ነው፤ ጎረቤት አለ፤ ቀበሌ አለ። መቶ ኪሎ ሜትር ርቆ ኬላ ላይ ጣውላ ከማሽተት ጉቶ ማየት ይቀላል።

ሐምሌ 22 ቀን 2011 ዓ.ም. በአንድ ቀን ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ ተተከለ ብሎ መንግሥት አስታውቋል፤ ከዚያ ወዲህም በየክረምቱ አረንጓዴ ዐሻራ ይቀጥላል። ከተከሉት ሰዎች መካከል ገበሬዎቹን «ይህ ዋንዛ ሲያድግ የማነው?» ብላችሁ ብትጠይቋቸው ቀጥ ያለ መልስ ያላቸው ስንቶች ይሆኑ? ችግኝ ለማደል የሚወጣው ገንዘብ ይህች ጥያቄ መልስ ካላገኘች ይባክናል።

የክልል ግብርና ቢሮዎች ቀጣዩን መመሪያ ሲያረቅቁ የምጠይቃቸው አንድ አንቀጽ ነው። ገበሬ በይዞታው ላይ ያሳደገውን ማንኛውንም አገር በቀል ዛፍ በቀበሌ አስመዝግቦ፣ የፈቃድ ደብዳቤ ሳይጠብቅ፣ በፈለገው ዋጋ ለፈለገው ሰው ይሽጥ፤ ለጣውላው የሚሰጠው የምዝገባ ወረቀትም ለየትኛውም ኬላ መሸኛ ሆኖ ያገልግል። ይህን ለመጻፍ ድፍረቱ ከሌላቸው፣ ቢያንስ ኬላ በማብዛት ዋንዛን እናድናለን ማለታቸውን ይተዉ።